ውኃ ያለ ልክ፣ ማዳበሪያ ያለ ጊዜ

ስለ ስንዴ ምርት ማደግ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች ይገጥሙናል። አንደኛው ወገን፣ «ወንዙን ጥለፉት፤ ውኃ ካለ ሁሉ አለ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «መሬቱ ደክሟል፤ ማዳበሪያውን አብዙለት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከእውነት የራቀ ስላልሆነ አድማጭ አያጡም። እኔ ግን በገጠር ትምህርት ቤቶች ሳስተምር ካየሁትና ከዚያም ወዲህ ካነበብሁት ተነሥቼ፣ ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይዘው እንደሚከራከሩ ለማስረዳት እወዳለሁ። የስንዴን ምርት የሚወስነው የውኃው ብዛት ወይም የማዳበሪያው ብዛት ለየብቻው አይደለም፤ የሁለቱ መጣጣም ነው፤ ከዚያም በላይ የሚሰጡበት ጊዜ ነው። ተማሪዎች ይህን አሳብ ከመቀበላችሁም ሆነ ከመቃወማችሁ በፊት ምክንያቶቼን መርምሩ።

በማስተምርበት ጊዜ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ለእርሻ ትምህርት የተከለለች ጠባብ ማሳ ነበረች። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የመሬቱ እርጥበት ገና ሳይደርቅ፣ ከተማሪዎቼ ጋር በአራት መደብ ከፍለን ስንዴ ዘራንባት። ለመጀመሪያዋ መደብ ከዘሩ በቀር ምንም አልሰጠናትም። ሁለተኛዋን በየጊዜው ውኃ አጠጣናት፤ ማዳበሪያ ግን ከለከልናት። ለሦስተኛዋ ማዳበሪያ ጨምረን ውኃ ነፈግናት። አራተኛዋ ሁለቱንም አገኘች። የመጀመሪያው ወር ሲያልፍ ተማሪዎቼ ሁሉ የሦስተኛዋን መደብ ያደንቁ ጀመር፤ ቡቃያዋ ጥቁር እስኪመስል ድረስ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ዓይን ይስብ ነበርና። ውኃ ብቻ ያገኘችው የሁለተኛዋ ቡቃያ ቁመት ቢኖረውም ገርጥቶ ነበር። ኅዳር ገብቶ ደረቅ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሦስተኛዋ መደብ ዛላ ባወጣች ማግሥት ከጫፏ ጀምራ ነጣች፤ ታጭዳ ስትወቃም ፍሬዋ የቀጠነና የተጨማደደ ሆኖ ተገኘ። ምንም ያልተሰጣት የመጀመሪያዋ መደብ እንኳ በፍሬ በለጠቻት።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ «መምህር፣ እንግዲያውስ ማዳበሪያ ምርት ይቀንሳል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ ግን እንዲህ ነው። ማዳበሪያው ቅጠሉን አበዛው፤ የበዛው ቅጠል በአፈሩ ውስጥ የተቀመጠውን እርጥበት ቶሎ ቶሎ እየሳበ ወደ አየር አተነነው፤ ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ አፈሩ ባዶ ሆኖ ቆየው። ቤተሰቡን አብዝቶ ጎተራውን ያላሰፋ ሰው የሚገጥመው ችግር ይህንኑ ይመስላል። ምንም ያልተሰጣት መደብ ግን በቅጠልም በአገዳም ድኃ ስለነበረች፣ የነበራትን ጥቂት ውኃ እየቆጠበች እስከ መጨረሻው ደረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ ገበሬ ማዳበሪያ ለመግዛት ሲያመነታ ባየሁ ጊዜ፣ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ስንዴ ምግቡን የሚጠጣ እንጂ የሚበላ ተክል አይደለም። ከአፈር የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች በውኃ ሟሙተው ካልቀረቡለት በቀር ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም። ናይትሮጅን ቅጠሉን ያለመልማል፤ ከአንዲት ዘር ብዙ አገዳ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በፍሬው ውስጥ ለሚገኘው ፕሮቲንም መሠረት ነው። ፎስፈረስ ደግሞ በተለይ በልጅነቱ ሥሩን ያጠነክራል። ናይትሮጅን ከውኃ ጋር ወዲያና ወዲህ የሚጓዝ ሲሆን፣ ፎስፈረስ ከተቀመጠበት እምብዛም አይነቃነቅም፤ ስለዚህም ከዘሩ አጠገብ በዘር ጊዜ መቀበር አለበት። (አፈሩ ኮምጣጣ በሆነባቸው የደጋና የምዕራብ አካባቢዎች ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ አስቀድሞ ኖራ ካልተጨመረ በስተቀር ገበሬው ገንዘቡን ቀበረ ማለት ነው።) መምህራን ይህን ጉዳይ ሲያስረዱ ሳንቃዎቹ እኩል ባልሆኑ በርሜል ይመስሉታል። በርሜሉ ውኃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ሳንቃ ድረስ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሳንቃዎች ማስረዘም ትርፍ የለውም። በ19ኛው ምእተ ዓመት ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። በእኛ ማሳ ላይ አጭሩ ሳንቃ አንድ ዓመት ውኃ፣ ሌላ ዓመት ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል፤ የመርማሪ ዓይን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንለፍ፤ ያለ ቁጥር የሚደረግ የእርሻ ክርክር መጨረሻ የለውምና። በአንድ ኩንታል የስንዴ ፍሬ ውስጥ በግምት 2 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ስለዚህ ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ያነሣ ገበሬ፣ በፍሬው ብቻ 60 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ከማሳው ይዞ ሄዷል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን በየቦታው ሲሰጥ የኖረው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል ነበር። ከዳፑ 18፣ ከዩሪያው 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስለሚገኝ ድምሩ 64 ይሆናል። ሒሳቡ የተጣጣመ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከተጨመረው ናይትሮጅን ውስጥ ስንዴው የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። ገለባውም ለከብት ይወሰዳል፤ ከከብቱ የሚገኘው ፍግ ወደ ማሳው በመመለስ ፈንታ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። እናቶቻችን ሌላ ማገዶ ስለሌላቸው የሚያደርጉት ስለሆነ ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ይሁን እንጂ የነደደው ኩበት የነገ ስንዴ እንደ ነበረ መርሳት አይቻልም።

ማዳበሪያ ጨርሶ የማያገኝ መሬት ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ሰው በእንግሊዝ አገር በሮዛምስቴድ የሚገኘውን የብሮድባልክ ማሳ ታሪክ ይመልከት። በዚያ ማሳ ከእ.ኤ.አ. 1843 ጀምሮ ስንዴ ሲዘራ ኖሯል፤ ከመደቦቹም አንዱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አልቀመሰም። ያ መደብ ዛሬም በሄክታር 10 ኩንታል አካባቢ ይሰጣል። በቂ ማዳበሪያ የሚያገኙት ጎረቤቶቹ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ያመርታሉ። መሬት በቀላሉ አይሞትም፤ ነገር ግን በድህነት ሊኖር ይችላል። በእኛም አገር በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የልማት ሥራ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ለገበሬው በብዛት ካስተዋወቁት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከ15 ኩንታል በታች የነበረው የአገሪቱ አማካይ የስንዴ ምርት በ2010ዎቹ ወደ 30 ኩንታል መጠጋቱን ስናይ፣ ማዳበሪያ አያስፈልግም ብሎ መከራከር ከንቱ መሆኑን እንረዳለን። የኔ ክርክር ከማዳበሪያ ጋር አይደለም።

ውኃስ? ስንዴ ጥሩ ምርት እንዲሰጥ በዕድገቱ ዘመን ሁሉ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ስለሆነ፣ 500 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሄክታር 5,000,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትደረድሩ 25,000 በርሜል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በበጋ ከወንዝ ጠልፎ ማሳ ላይ ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች የበጋ መስኖ ስንዴ እየተስፋፋ ሲሄድ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በተዘረጋው ቦይ ርዝመትና በተዘራው ሄክታር ብዛት ላይ ነው። እኔ ግን ከቦዩ ርዝመት ይልቅ ቦዩ የሚከፈትበትን ቀን መጠየቅ እወዳለሁ።

ስንዴ በዕድሜው ሁሉ እኩል አይጠማም። ከተዘራ 3 ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ከመሬቱ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ አዲስና ጠንካራ ሥሮችን ያወጣል፤ ከሥሩም ተጨማሪ አገዳዎች ይበቅላሉ። በዚያ ሰሞን የላይኛው አፈር ደርቆ ከቆየው አዲሶቹ ሥሮች ሊዘልቁ አይችሉም፤ አገዳውም ጥቂት ሆኖ ይቀራል። በኋላ የቱንም ያህል ቢያጠጡት ያልወጣ አገዳ አይወጣም። ሁለተኛው ክፉ ጊዜ የአበባ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የተጠማ ስንዴ ዛላ ቢያወጣም ፍሬ አይቋጥርም። ሦስተኛው ፍሬው ወተት የሚመስልበት፣ እሸት የሚሆንበት ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የጎደለ ውኃ ፍሬውን ያቀጭጨዋል። ከእነዚህ በአንዱ ያመለጠ አንድ ውኃ፣ በሌላ ጊዜ ከተጠጣ ሦስት ውኃ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታዲያ በብዙ የመስኖ ቦታዎች ውኃ የሚታደለው እንደ ስንዴው ዕድሜ ሳይሆን እንደ ተራው ነው። ተራው ማክሰኞ ከሆነ ስንዴው ቢጠማም ባይጠማም ማክሰኞ ይጠጣል። የውኃ አባቶችና የመስኖ ኮሚቴዎች የተዘራበትን ቀን መዝግበው ተራውን በዚያ ቢያስተካክሉ፣ አንድ ክንድ ቦይ ሳይጨመር ምርት ይጨምር ነበር።

የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ አራተኛዋ መደብ፣ ሁለቱንም ያገኘችው፣ ከሌሎቹ ሁሉ እንደበለጠች ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽዋ ብቻ ነች የበለጠችው። ስሕተቱ የኔ ነበር። በአንደኛው ወገን ዩሪያውን ከበተንን በኋላ ወዲያው ውኃ ለቀቅንበት። ደወል ተደውሎ ስለነበር ሌላውን ወገን በጠራራ ፀሐይ በደረቅ አፈር ላይ በትነን ሄድን፤ ውኃ ያጠጣነውም ከ3 ቀን በኋላ ነው። በማግሥቱ ወደ መደቡ ስጠጋ እንደ በረት ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የሚሸተው ገንዘብ ነበር፤ ዩሪያ በአፈር ላይ ሳይቀበር ሲቀር ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአየር ይበናልና። ያ ወገን እስከ መጨረሻው እንደ ገረጣ ቀረ።

ይህ ስሕተት የኔ ብቻ አልነበረም። በሜክሲኮ አገር በሶኖራ ግዛት ያኪ የሚባል ሰፊ ሸለቆ አለ። ዶክተር ኖርማን ቦርሎግ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያስገኘላቸውን አጭር አገዳ ያለውን ስንዴ ካዳበሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ስንዴው የሚበቅለውም በመስኖ ነው። በዚያ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ለአንድ ሄክታር 250 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይሰጡ ነበር፤ ከዚህም ሦስት አራተኛውን የሚጨምሩት ስንዴው ከመዘራቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው ነው፤ ከዚያም ማሳውን ያጠጡታል። ማዳበሪያ አለ፤ ውኃ አለ፤ ስንዴው ግን ገና የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤታቸውን ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ 180 ኪሎ ግራም ብቻ ሰጥተው አብዛኛውን ስንዴው በሚፈልግበት ጊዜ በማድረግ ተመሳሳይ ምርት አገኙ። ትርፉ ናይትሮጅን ከፊሉ ወደ አየር ይበናል፤ ከፊሉ ከመስኖው ውኃ ጋር ወርዶ ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ይገባና በባሕሩ ላይ አልጌ ያበቅላል። ለባሕር ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ አለ ብትባሉ ትስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ማዳበሪያውን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ለኖረች እንደኛ ላለች አገር የሚያስቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ስንቱ ገበሬ ገበያ ደርሶ ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ፣ ከእናንተ መካከል በገጠር ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ጊዜው ቢጠበቅም ልክ ካልተጠበቀ ሌላ ጣጣ አለ። ሲበዛ ማርም ይመራል እንደሚባለው፣ ናይትሮጅን የበዛበትና ውኃ የጠገበ ስንዴ አገዳው ሳስቶ ይረዝማል፤ ዛላው ሲከብድና ነፋስ ሲመጣ ይጋሽባል። አጭር አገዳ ያላቸው ዝርያዎች የተፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቅጠሉ ተጠቅጥቆ እርጥበት የያዘ ማሳ ለዋግ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገራችንን የስንዴ ማሳዎች ባጠቃ ጊዜ ኩብሳ የተባለው፣ በገበሬው ዘንድ እጅግ የተወደደው ዝርያ ክፉኛ ተጎድቷል። የዚያ ወረርሽኝ ምክንያት ማዳበሪያ ነው አልልም፤ ዝርያው በሽታውን መቋቋም ስላቃተው የደረሰ ነው። ነገር ግን ዋግ አንዴ ከገባ፣ ከልክ በላይ የለመለመ ማሳ ድግስ ይሆንለታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወደ ማሳ ስለሚገባው ውኃ ብዙ ሲነገር፣ ከማሳ ስለሚወጣው ውኃ ዝም መባሉ ነው። በመረሬ መሬት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ የስንዴውን ሥር አየር ያሳጣዋል፤ የተጨመረለት ናይትሮጅንም በአፈሩ ውስጥ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል፤ ቡቃያው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይገረጣል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን ተረድተው፣ ከጥንት ጀምሮ ሰፋፊ መደብ እያነሡ በመካከሉ ውኃ የሚወርድበት ቦይ በእጃቸው ይሠራሉ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሴቱም ሕፃኑም ይሳተፍበታል። ኬሚስትሪ ሳይማሩ ማዳበሪያ ከውኃ ጋር እንዴት እንደሚጣላ የተረዱ እነርሱ ናቸው።

በቆላው መስኖ ደግሞ ከውኃው ጋር ጨው አለ። ማንኛውም የወንዝ ውኃ ጥቂት ጨው ይይዛል። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ያለበት ውኃ ብንወስድ፣ ስትቀምሱት ጨውነቱ አይታወቃችሁም። ነገር ግን ቅድም ባሰብነው 5,000,000 ሊትር ብታባዙት በአንድ ወራት በአንድ ሄክታር ላይ 25 ኩንታል ጨው ማለት ነው። ስንዴው ውኃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም የቀረውን ታተናለች፤ ጨው ግን አይተንም። ወደ ታች ታጥቦ የሚወጣበት መንገድ ካልተዘጋጀለት ከዓመት ወደ ዓመት ይከማቻል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ ለጥጥ እርሻ የተዘረጋው መስኖ በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖረው ለዓመታት በመፍሰሱ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ እያለ መጥቶ ጨውን ወደ ላይ አወጣው፤ ከእርሻ ውጭ የሆኑ ማሳዎችም ነበሩ። በጨዋማ አፈር ላይ ያለ ስንዴ በእርጥብ መሬት ቆሞ ይጠማል፤ ጨው ውኃውን ይዞ አልለቅም ይለዋልና። ሰው ይህን አይቶ «ተራበ» ብሎ ማዳበሪያ ቢጨምር ጉዳቱን ያባብሳል፤ ማዳበሪያም ራሱ የጨው ዓይነት ነው። ስለዚህ የማጠንፈፊያ ወጪው ያልተያዘለት የመስኖ ዕቅድ ባይጀመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማኝም፤ የተራበ ሕዝብ እያለ ውኃ በከንቱ ይፍሰስ ወይ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለ10 ዓመት አብልቶ ከዚያ በኋላ ለልጅ ልጅ የማይበላ መሬት የሚያወርስ ቦይ ምን ይባላል ብዬ እጠይቃለሁ።

«ድኃ ገበሬ ይህን ሁሉ ልክና ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም» የሚል ተቃውሞም ሰምቻለሁ። ይህ አነጋገር ለገበሬው የሚያዝን ይመስላል፤ በውስጡ ግን ንቀት አለው። ልክ መጠበቅ ለሀብታም የተሰጠ ቅንጦት አይደለም፤ ስሕተቱን የሚከፍልበት ትርፍ ገንዘብ የሌለው ድኃው ነው። በክፍሌ ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ በዱቤ የወሰዱትን ማዳበሪያ በሙሉ በዘር ጊዜ ጨምረው፣ ዝናቡ በአበባ ሰዓት ቀረባቸው። ዕዳው ሲመጣ አንዱ በሬ ተሸጠ። በአንድ በሬ አይታረስምና ልጁ በሬ ካለው ሰው ጋር ተቀጥሮ መዋል ጀመረ፤ ወንበሩም ባዶ ቀረ። ማዳበሪያው ከፍሎ የሚጨመር መሆኑን፣ ሁለተኛውን ዙር የዝናቡን ሁኔታ አይቶ መግዛት ወይም መተው እንደሚቻል በጊዜው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለልጁ ሒሳብ ሳስተምር የነበርሁት እኔም አልነገርኋቸውም።

ልክ ለማወቅ ደግሞ የግድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከእናንተ መካከል ቤተሰቦቹ በኅዳር ስንዴ የሚዘሩ ካሉ፣ ከተዘራ 20 ቀን ሲሆነው ወደ ማሳው ይውረዱ። ከስንዴው አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፤ ከጉድጓዱ ታች አንድ ጭብጥ አፈር አንሡና በመዳፋችሁ ጨብጡት። አፈሩ ከተጣበቀና መዳፋችሁን ካረጠበው ቦዩን አትክፈቱ፤ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ተመለሱ። እጃችሁን ስትዘረጉ ተፈርፍሮ ከወደቀ ግን ተራችን አልደረሰም ብላችሁ አትቀመጡ፤ የውኃውን አባት ፈልጋችሁ ስንዴው 3 ሳምንት እንደሞላው ንገሩት፤ ዩሪያውንም ውኃው ከመለቀቁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ በመስመሩ አጠገብ አፈር አልብሱት።